ኤሊን በግቢ ወይስ በቤት ውስጥ ማኖር?

በሰሜን ሸዋ ኤሊ የሚያሳድግ ሰው የማደሪያዋን ጥያቄ የሚመልሰው ከአካባቢው ከፍታ ተነሥቶ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይወርጫል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ናት።

የግቢ አጥር ወጪው ቀላል ነው፤ የድንጋይ ካብ፣ ጥላና ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን ይበቃል። ትልቁ ጥቅሙ ፀሐይ ነው። ኤሊ ከምግቧ ያገኘችውን ካልሲየም ለአጥንቷና ለቅርፊቷ የምታውለው በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሠራው ቫይታሚን ዲ3 አማካይነት ሲሆን፣ ይህን ጨረር የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ መስኮት ሥር ብቻ ያደገች ግልገል ቅርፊቷ በጣት ሲጫኑት ሊጎደጉድ ይችላል። ይህን አንድ ጊዜ የዳሰሰ ሰው አይረሳውም። የግቢው አደጋ ሌሊት ነው፤ ብርድ ያደረባት ኤሊ ምግብ አይፈጭላትም፤ ጠዋት አፍንጫዋ ላይ አረፋ ከታየ ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ለግልገሎች ውሻና ቁራም ያሰጋሉ።

የቤት ውስጥ ሳጥን ከብርድና ከአውሬ ይጠብቃል፤ ነገር ግን በአንድ ጫፍ 32 ዲግሪ ገደማ የሚያሞቅ፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ የሚል ቦታ የሚተው መብራት ይፈልጋል። በፀሐይ ምትክ የሚያስፈልገው የአልትራቫዮሌት አምፖልም እየበራ ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት ውስጥ መቀየር አለበት፤ መብራት ሲጠፋም ሙቀቱ አብሮ ይጠፋል።

ምግቡ በሁለቱም አንድ ነው፦ ሣርና የበለስ ቅጠል እንጂ እንጀራ አይደለም።

በሸዋ ሮቢት ላለች አዋቂ ኤሊ ግቢው ይመረጣል። በደብረ ብርሃን ለግልገል ሳጥኑ ይሻላል፤ አዋቂዋን ግን ቀን ፀሐይ ላይ አውሎ ማታ ማስገባት ይበጃል።