መረቁ የማይጨስ ኑድል፦ ከኩንሚንግ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በኩንሚንግ፣ የሩዝ ኑድል ቁርስም ምሳም ነው። ሚሺየን ይሉታል፤ ነጭ፣ ድቡልቡልና ረጅም ሲሆን ከስፓጌቲ ጥቂት ወፈር ይላል። በየመንገዱ ጥግ ስለሚሸጥ ጥሩውን ከተራው ለመለየት እንደ እኔ ላለ የውጭ ተማሪ ጊዜ ይፈጃል። ሁለት ዓመት ያህል እዚህም እዚያም ስቀምስ ከቆየሁ በኋላ፣ ከትሱይሁ መናፈሻ ጀርባ በጠባብ መንገድ ላይ ያለች ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ቤት ደንበኛ ሆኛለሁ። ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ከበላሁ በኋላ ነው።

የቤቷ ዋና ምግብ ጉዎቺያዎ ሚሺየን፣ ማለትም «ድልድይ የሚሻገር ኑድል» ነው። የስሙ መነሻ በደቡብ ዩናን በምትገኘው በመንግዚ የሚነገር ታሪክ ነው፤ በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ለፈተና የሚያጠና አንድ ተማሪ ነበር፣ ሚስቱ ድልድይ ተሻግራ የምታደርስለት ምግብ እየቀዘቀዘ ቢያስቸግራት፣ የዶሮ መረቅ ስቡ ከላይ ከተንሳፈፈበት ሙቀቱን እንደሚይዝ አስተውላ ኑድሉንና ሥጋውን ለየብቻ ይዛ መሄድ ጀመረች ይባላል። ታሪኩ እንደ ማንኛውም የምግብ ተረት ሆኖ ቢቀር እንኳ ዘዴው ግን እውነተኛ ነው። ኩንሚንግ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በከፍታዋ ከእኛዋ የባሕር ዳር ከተማ ብዙም የማትለይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚህ አነስ ካለ ሙቀት ተነሥቶ ጥሬ ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ማብሰል የሚቻለው የስቡ ሽፋን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል፤ መረቁ ስለማይጨስ የቀዘቀዘ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን በማንኪያ ጨልፌ ወዲያው ፉት በማለቴ ምላሴ ለሁለት ቀን ጣዕም አልለየም።

እንግዲህ ምግቡ ሲቀርብ ገበታው ላይ የሚደረደረው ይህ ነው፦ አስቀድሞ እስኪግል የተሞቀ ትልቅ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን መረቅ እንደ ሞላ ይመጣል፤ ቀጥሎ በስሱ የተከተፈ የዶሮ፣ የዓሣና የአሳማ ጥሬ ሥጋ፣ አንድ የድርጭት እንቁላል፣ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላይ የሚረጋው ስስ ቆዳ፣ በቆልት፣ ቅጠላማ ሽንኩርትና የኮመጠጠ ጎመን በትናንሽ ሳህኖች ይከተላሉ፤ ኑድሉ ለብቻው ነው። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ መረቁ በኃይሉ እያለ እንቁላሉና ሥጋው ይገባሉ፣ ሥጋው ሲነጣ አትክልቱ ይከተላል፣ ኑድሉ የመጨረሻው ነው። ኑድሉን ያስቀደመ ሰው መረቁን ያቀዘቅዝና ዶሮውን በጥሬው ይበላል። እኛ ጥሬ ሥጋ የማያስፈራን ሕዝብ ነን፤ ነገር ግን ቁርጥ ሌላ፣ ጥሬ ዶሮ ሌላ።

ይህችን ቤት ከሌሎቹ የሚያስበልጣት ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው መረቁ ሲሆን፣ ከወፍራሙ የዶሮ ስብ ሥር ንጹሕና ቀለል ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ በሦስቱም ቀን የዶሮው ቁራጭ ሃያ እስክቆጥር ድረስ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል፣ ይህም ሌሎች ቤቶች ሳህኑን ሳያሞቁ ስለሚያቀርቡ የማይሳካላቸው ነገር ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የበለጠው ኑድሉ ራሱ ነው። ዩናን ውስጥ ሚሺየን በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ አንደኛው ከደረቅ የሩዝ ዱቄት በማሽን ተገፍቶ የሚወጣው ጠንከር ያለ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሩዙ ተዘፍዝፎና ለቀናት እንዲቦካ ተደርጎ ከተፈጨ በኋላ በወንፊት መሰል ቀዳዳ ተጨምቆ ወደ ፈላ ውኃ የሚወርደው ነው። ይህች ቤት የምታቀርበው የቦካውን ነው። ለስላሳ ሆኖ አይቆራረጥም፣ መጨረሻው ላይም ቀጭን ኮምጣጣነት ይተዋል፤ በእርሾ ያደገ ምላስ ይህን ጣዕም ለመልመድ አይቸገርም። ኑድል ሲባል ኢንዶሚ ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው ይህ ምግብ ሳህን በማስነሣት ብቻ አይፈታም፤ የተለመደው መረቅ የሚሠራው ከዶሮው ጋር የአሳማ አጥንት ተቀቅሎ ነው፣ አንዳንዴም የደረቀ የአሳማ ጭን ይጨመርበታል። በምግብ ዝርዝር ላይ «ሮው» (ሥጋ) ተብሎ ዝም ከተባለም በቻይንኛ ልማድ የአሳማ ማለት ነው፤ የበሬ ከሆነ በስሙ ይጠቀሳል። ቤቷ ስድስት ዩዋን በማስጨመር በዶሮ ብቻ የተቀቀለ መረቅ ታቀርባለች፣ እኔም ሁልጊዜ የማዝዘው እሱን ነው። ሆኖም በሁለተኛው ቀን የሌላ ሰው ትእዛዝ ተሳስቶ ወደ እኔ መጣ፤ ከላዩ ሮዝ የአሳማ ጭን ተበትኖበት ባላይ ኖሮ እበላው ነበር። ሰዉ ሁሉ «አዪ» እያለ የሚጠራት፣ በእኛ እትዬ እንደማለት፣ ባለቤቲቱ ሳህኑን ያለ ክርክር ቀየረችልኝ፤ ይሁንና ሁለቱም መረቆች በአንድ ዓይነት ሳህን እስከቀረቡ ድረስ ስሕተቱ መደገሙ አይቀርም። በሃይማኖቱ ምክንያት ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው አረንጓዴ ምልክት ወደለጠፉት የሁዪ ሙስሊሞች የበሬ ሚሺየን ቤቶች ቢሄድ ይሻለዋል።

ለጿሚ ያለው አማራጭ ጠባብ ነው። በሆምጣጤ፣ በአኩሪ አተር መረቅ፣ በኦቾሎኒና በዘይት በተጠበሰ በርበሬ የሚለወስ ቀዝቃዛ ሚሺየን አላቸው፤ ነገር ግን ዩናኖች ከኑድል በላይ የሚደረገውን የሥጋ ቁሌት «ማዎዝ»፣ ማለትም ባርኔጣ፣ ብለው ስለሚጠሩት «ያለ ባርኔጣ» ብሎ ማዘዝ ግድ ነው። አንድ ዓርብ እንደዚያ አዝዤ አስተናጋጁ ራሴን ቀና ብሎ አይቶ ሳቀ፤ ኮፍያ አድርጌ ነበር። ጣዕሙ መልካም ነው፣ ከመረቁ ጋር ግን አይወዳደርም።

ስለ ዋጋው፣ መደበኛው ሙሉ ገበታ 28 ዩዋን ሲሆን በዶሮው መረቅ 34 ይሆናል፤ ቀዝቃዛው 12 ነው። ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ መልስ ግን ፈልገው እስኪሰጡ ያቆያሉ፤ ሁሉም ሰው ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልኩ አንሥቶ በዊቻት ወይም በአሊፔይ ይከፍላል፣ ቴሌብር የለመደ አይደናገርም። ወንበሮቹ ዝቅተኛ ናቸው፣ ወለሉ በምሳ ሰዓት ያዳልጣል። የሥጋውን ቅደም ተከተል ለአዲስ እንግዳ የሚያስረዳ ጽሑፍ በቻይንኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ ግድግዳው ላይ የለም፤ ይህ በአንድ ወረቀት የሚስተካከል ጉድለት ነው።

መሄድ የሚሻለው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በፊት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ነው። የቦካው ኑድል በየማለዳው የሚመጣው በተወሰነ ቅርጫት ነው፤ በሦስተኛው ጉብኝቴ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሼ የቀረበልኝ በውኃ የራሰ ደረቅ ኑድል ነበር፣ ዋጋውም አልቀነሰም።