ለሉሲድ ሕልም የሚሆን ደብተር ከጎንደር ፒያሳ

እያለሙ መሆኑን አውቀው በሚያዩት ሕልም ድርሰት ለሚሠሩ፣ ፒያሳ ካሉት ደብተሮች ባለ ጠንካራ ልባሱ ይሻላል፤ ተኝተው ሲጽፉበት አይታጠፍም። ባለ ሽቦው በጨለማ ይንኳኳል። የባለ ጠንካራ ልባሱ ወረቀት ግን ስስ ነው። እርሳስ ይያዙ፤ ቢክ ተንጋለው ሲጽፉበት ቀለሙ ይቋረጣል።

ማታ 4 ሰዓት ከተኙ ሌሊት 9 ሰዓት ይነሡ። የተቸገሩበትን ትዕይንት በአንድ መስመር አስፍረው፣ 30 ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ «ሳልም ማለሜን አውቃለሁ» እያሉ ይተኙ። ረጅሙ ሕልም የሚመጣው ሊነጋ ሲል ነው። (በ44ቱ ታቦት ከተማ የንጋቱ ደወል እንዳይቀሰቅስዎ ያስቡበት።)

በሕልም ውስጥ ለማንበብ አይድከሙ፤ ዞር ብለው ሲመለሱ ፊደሉ ተለውጦ ያገኙታል። ገጸ ባሕርይውን ያናግሩት። ሲነቁ ሳይገላበጡ ሕልሙን ያስታውሱ፤ መጀመሪያ የሚጻፈው የተናገረው ቃል ነው፣ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነውና።