በካውያ ይጠፋል የሚባለውን እስክሪቢቶ ለጥቁር ጨርቅ አትግዙ

ጥልፍ ለምትሠሩ፣ ካባ ለምትሰፉ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ኩዊልት (ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሰፋ ድርብርብ የአልጋ ልብስ) ለጀመራችሁም ጭምር፦ በቴሌግራም ገበያና በየሱቁ «ንድፋችሁን ሣሉበት፣ ካውያ ሲነካው ድራሹ ይጠፋል» እየተባለ የሚሸጠው የእስክሪቢቶ ስብስብ ለጥቁር፣ ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ጨርቅ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ገንዘቡ ቢቀር ቢቀር፣ ጨርቁን ያበላሻል።

ስብስቡ ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ እስክሪቢቶ ከተከመሩ መለዋወጫ ቀለሞች ጋር ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ የሚታየው ነጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከከፈላችሁበት ውስጥ አብዛኛው ገና ከመጀመሪያው ለሥራችሁ አይሆንም። ማሳያ ቪዲዮውን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሻጩ ነጭ ጥጥ ላይ በሰማያዊ ይጽፋል፣ ካውያ ያሳልፋል፣ መስመሩ ይጠፋል። ያየነው እውነት ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ግን አያሳይም፣ ጨርቁ ከቀዘቀዘ በኋላ ምን እንደሚሆንም አያሳይም።

ቀለሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ቀለም የሚሰጥ ንጥረ ነገር፣ እሱን የሚያደምቅ ሌላ ንጥረ ነገርና ሙቀትን ተከትሎ የሚቀልጥ ሦስተኛ ነገር ታሽገዋል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሦስተኛው ይቀልጥና ሁለቱን ይለያያቸዋል፤ ቀለሙ ቀለም አልባ ይሆናል። ከጨርቁ ላይ ግን አልወጣም። እንክብሉም ማጣበቂያውም ክሩ ላይ እንዳሉ ናቸው። ነጭ ጨርቅ ላይ ይህ ቅሪት አይታይም፤ ጥቁር ላይ ግን በረኪና የነካው የሚመስል ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። አምፖል ሥር ላይታይ ይችላል። መስኮት አጠገብ ጨርቁን ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ንድፉ በሙሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ችግር ብርድ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ቀለሙ መመለስ ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ እንደተጻፈበት ቀን ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚለበስ ልብስ ይህ ላያሳስብ ይችላል። ግን ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው፣ በጥር ደግሞ ሚኒያፖሊስና ቶሮንቶ ብርዱ የሚጠናበት ጊዜ ነው። እዚህ ተሰፍቶ ወደዚያ የተላከ ካባ በመኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ በጥልፉ ዳርና ዳር የተሣለው መስመር በሠርጉ ማለዳ ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ሩቅ ነው፤ የሚወቀሰው ግን እሱ ነው።

ነጩን በተመለከተ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ የተባለው ዘዴ ቀለም ያለውን ቀለም አልባ የማድረግ ዘዴ ነው። ነጭ ግን እንዲህ ያለ ቀለም አይደለም፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ብርሃንን በሚበትኑ ደቃቅ ብናኞች ነው። ስለዚህ በዚያው ሳጥን ውስጥ ያለው ነጭ እስክሪቢቶ የሰማያዊው ወንድም አይደለም፣ ሰማያዊው ስለጠፋ ነጩም ይጠፋል ማለት አይቻልም። ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ጠባዩ ይለያያል፤ በየራሱ መሞከር አለበት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለቆዳ ሥራ የተሠራውን የብር ቀለም እስክሪቢቶ በዚሁ ስም መሸጥ ነው። የብር ቀለሙ ቆዳ ላይ ከላይ ስለሚቀመጥ በማጽጃ ይጠረጋል፤ ጨርቅ ላይ ግን ወደ ክሩ ይሰርጋል፣ ከገባ በኋላም በካውያም በውሃም አይወጣም።

የወርቅ ክር ለምትጠቀሙ ሌላ ጣጣ አለ። አብዛኛው የሚያብረቀርቅ ክር በላዩ የተጠቀለለ ስስ ፕላስቲክ ነው። መስመሩን ለማጥፋት ጥልፉ ካለቀ በኋላ ካውያ ማሳለፍ ይኖርባችኋል፣ በዚህም ክሩ ይኮማተራል፣ ድምቀቱንም ያጣል። በሙቀት የተለጠፈ ጌጥ ካለበት ሙጫው ይለሰልሳል፣ ጌጡ ይወልቃል። ከፋይ ወይም ቬልቬት የምንለው ጨርቅ ደግሞ ጭራሽ ካውያ አይወድም፤ ፀጉሩ ይተኛል፣ ተመልሶም በቀላሉ አይነሣም። መስመሩን ለማጥፋት ልብሱን ማበላሸት የግድ የሚሆንበት መሣሪያ፣ እንዴት ለካባ ሥራ ይሸጣል?

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሥራው ሳያልቅ ንድፉ ይጠፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ በተለይ በሪያድና በዱባይ በጋ፣ ወይም ከጎኑ ያለ ሌላ ስፌት ሲተኮስ፣ አልፎ ተርፎ በእጅ ደጋግሞ በማሸት እንኳ ቀለሙ ይደበዝዛል። የብዙ ሰዓት ንድፍ እንደገና ይሣላል።

ገዝታችሁ ከሆነ ከመጠቀማችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ከልብሱ የተቆረጠ ቁራጭ ላይ፣ ከሌላ ጨርቅ ላይ ሳይሆን፣ በየቀለሙ አንዳንድ መስመር አስምሩ። አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት፤ ወዲያው የተሠመረና የከረመ መስመር አንድ አይደሉም። ጨርቁ በሚችለው ሙቀት ተኩሱት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ በቀን ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ስለሚደርስ ይበቃል። ጠዋት ስታወጡት መስመሩን ካያችሁት፣ ያ እስክሪቢቶ ለወረቀት ይሁን። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ጥቁር ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ እዚያው ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ መልሱ ያ ነው።

ከእስክሪቢቶው ሌላ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ አሉ። የቢሮ ካርቦን ወረቀት ሰምና ቀለም ስላለበት ፈጽሞ አይነካ። ቀለም ያለው ጠመኔ፣ በተለይ ቢጫና ቀይ፣ ማቅለሚያው ክር ውስጥ ይቀራል፤ ነጭ ብቻ ያዙ። የልብስ ሰፊ ጠመኔ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ከአፈር፣ ሌላው ከሰም የተሠራ። ሰሙ ሱፍ ላይ ሲተኮስ ይጠፋል፤ ሐርና ፖሊስተር ላይ ግን የቅባት እድፍ ይተዋል። ለመለየት ጥቂት ፍቅፋቂ በሁለት ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ተኩሱት፤ ወረቀቱ ዘይት እንደነካው ብርሃን ካሳለፈ ሰም ነው።

ታዲያ በምን ይሠመር? ለሚታጠብ ጥቁር ጥጥ ከሁሉ የሚሻለው በጣም ርካሹ ነው፦ ያለቀ የነጭ ሳሙና ስባሪ። ክሬምና ዘይት የሌለበት ይሁን። ጥላ ውስጥ ለሳምንት ያህል አድርቁት፣ ከዚያ ጠርዙን በምላጭ እንደ ጥፍር ጫፍ እስኪሳሳ ሞርዱት። ቀጭን ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል፣ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይሄዳል። ውሃ በማይወዱ ጨርቆች ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ ሲወጣ የውሃ ምልክት ይተዋል።

ለተወሳሰበ ንድፍ፣ ለመስቀልና ለሐረግ፣ የመብሻ ዘዴው አሁንም አቻ የለውም። ንድፉን ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ ሣሉና መስመሩን ተከትላችሁ በመርፌ በየ2 ሚሊ ሜትር ብሱት። ወረቀቱን ገልብጡና በመርፌው የተነሣውን ሸካራ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉት፤ ይህ ከተዘለለ ቀዳዳው ስለሚደፈን ዱቄቱ አያልፍም። ወረቀቱን በምትጠልፉት ጨርቅ ላይ አንጥፉ፤ ነጭ ጠመኔ ፈጭታችሁ በቀጭን ጨርቅ ቋጠሮ አድርጉና ወረቀቱ ላይ እያሻሻችሁ አሳልፉት። ወረቀቱን ወደ ጎን ሳትጎትቱ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። ነጥቦቹን ወዲያውኑ በሳሙና ወይም በሾለ ነጭ ጠመኔ አገናኙ፤ ዱቄት ብቻውን ከጥቂት እንቅስቃሴ በኋላ ይራገፋል። የስንዴ ዱቄት በጠመኔ ፋንታ አይሁን፤ እርጥበት ሲነካው ሊጥ ይሆናል።

ኩዊልት ላይ ጨርቁ በእጅ ብዙ ስለሚነካካ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሣሉ፤ የምትሰፉትን ክፍል ብቻ እያሠመራችሁ ቀጥሉ።

ከፋይ ላይ በፊት ለፊት ምንም አይሣልም። ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ሣሉና ወረቀቱን ዳር ዳሩን በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት አያይዙት፤ ጥልፉን በወረቀቱ ላይ ሥሩና ሲያልቅ ወረቀቱን ከስፌቱ ጎን በጣታችሁ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ቅደዱት። ከጥልፉ ሥር የሚቀረውን ቁርጥራጭ በወረንጦ ለቅሙት።

አስቀድማችሁ በእስክሪቢቶው ላሠመራችሁ ደግሞ፦ መስመሩ ሲመለስ ደጋግሞ መተኮስ ይደብቀዋል እንጂ አያወጣውም። ጨርቁ የሚታጠብ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና መጀመሪያ ቁራጩ ላይ ሞክሩ። ካልወጣ ጥልፉን በአንድ ረድፍ አስፍታችሁ መስመሩን በክር ሸፍኑት፤ ልብሱን ለደንበኛ ከመስጠታችሁ በፊትም ከዚያው ጨርቅ የተሠመረበትን ቁራጭ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ እዩት።