ኮሚሽነር ሜግሬ ከመጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን

በዚህ ክረምት፣ የሐዋሳ ዝናብ ከቤት በማያስወጣባቸው ምሽቶች፣ ብሩኖ ክሬሜር በመሪ ተዋናይነት የሚጫወትበትን «ሜግሬ» የተሰኘ የፈረንሳይ ተከታታይ ድራማ ከመጻሕፍቱ ጋር እያነጻጸርሁ ተመለከትሁ። ቤልጂየማዊው ደራሲ ዦርዥ ሲምኖን ስለዚህ የፓሪስ ፖሊስ ኮሚሽነር 75 ልቦለዶችን ጽፏል፤ ድራማው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2005 በ54 ክፍሎች ቀርቧል።

ክሬሜርን እጅግ የማደንቀው በዝምታው ነው። ተጠርጣሪውን አያስፈራራም፤ ፒፓውን ይዞ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ በሐይቃችን ላይ መረቡን ጥሎ እንደሚጠብቅ ዓሣ አጥማጅ፣ ሰውየው ራሱ እስኪናገር ድረስ ይታገሣል፤ ይህም ገዳዩ ማን ነው ከሚለው ይልቅ ለምን ገደለ የሚለውን ጥያቄ ከሚያስቀድመው ከደራሲው መንፈስ ጋር በሚገባ ይስማማል።

ነገር ግን መጻሕፍቱ በጥቂት ቃላት የሚያደርሱንን የምግብ ሽታ፣ የጭጋጉን ቅዝቃዜና የኮሚሽነሩን ውስጣዊ ጥርጣሬ ካሜራው ሙሉ በሙሉ ሊያሳየን አልቻለም፤ አንዳንዱ ክፍልም ከሚገባው በላይ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ንባብ የሚወድ ሰው መጽሐፉን እንዲያስቀድም እመክራለሁ። እናቴ ፈረንሳይኛ ስለማታውቅ የተከታተለችው እኔ እየተረጎምሁላት ነው፤ በአማርኛ ድምፅ ቢቀርብ ከልብ ደስ ይለኛል።