ሥርዓተ ፆታን ለመማር፦ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናር ወይስ የንባብ ቡድን?

«ስለ ሥርዓተ ፆታ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማስተርስ ልመዝገብ ወይስ ከጓደኞቼ ጋር ላንብብ?» ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ።

ወጪ፦ ሴሚናሩ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። የንባብ ቡድን የፎቶኮፒና የቡና ብቻ ነው።

ቋንቋ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ ንባቡ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በቡድናችን እናቶቻችን በሚያወሩት አማርኛ እንከራከራለን። ይህን ጥቅም አቅልዬ አላየውም።

ጥልቀት፦ እዚህ ላይ ሴሚናሩ ይበልጣል። አንዷ ያነበበችውን ታቀርባለች፤ ሌላው «ማስረጃሽ የታለ?» ይላታል። የቤተሰብ ሕጉን እንውሰድ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሴትም ለወንድም 18 አደረገው። በቡድናችን ይህን አንብበን ደስ ብሎን አለፍን። በሴሚናሩ ግን ሕጉ ከወጣ በኋላም ያለዕድሜ ጋብቻ ለምን እንደቀጠለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወያየን። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ እንደሚያወጡ የገባኝም ያን ቀን ነው።

ስጋት፦ ቡድን ቶሎ ይበተናል። ሴሚናር ደግሞ ዓይን አፋሩን ሊያሸማቅቅ ይችላል።

ምርምር ወይም በሙያው መቀጠር ካሰባችሁ ሴሚናሩን ምረጡ። ሥራና ልጅ አላላውስ ካላችሁ፣ ወይም ገና መንገድ እየጀመራችሁ ከሆነ፣ አምስት ሆናችሁ በወር አንድ ቅዳሜ ተገናኙ።