የሚዳሰስ ካርታ ወይስ የሚናገር ስልክ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ለሚያይ ሰው እንኳ ያደናግራሉ። ዓይነ ስውር ጓደኛዬ እዚያ ቤት ስትገባ የሚዳሰስ ካርታንም የሚናገር ስልክንም ሞከርን።

ስልኳ በቶክባክ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነበው የአንድሮይድ መተግበሪያ) እና በጉግል ማፕ የት መታጠፍ እንዳለባት ይነግራታል። ታክሲ ውስጥ ሆና የት እንደደረሰች ማንንም ሳትጠይቅ ማወቋ ትልቅ ነገር ነው። ግን የስልክ ጂፒኤስ ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ፎቅ መሃል ደግሞ ይብስበታል። እዚህ ሰፈር 5 ሜትር ማለት በቤቷ በርና ክዳን በሌለው ቱቦ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው።

የሚዳሰሰውን ካርታ እኛው ሠራነው። ወፍራም ካርቶን ላይ መንገዱን በሲባጎ፣ ብሎኮቹን በካርቶን ቁራጭ፣ ቱቦውን በሙጫ በተለጠፈ ምስር። በጣቶቿ ሦስቴ ዞረችበትና ድንገት ቆመች። «እንዴ! ሱቁ ከቤቴ ጀርባ ነው ለካ!» ስልኩ ይህን ነግሯት አያውቅም። እሱ መታጠፊያውን እንጂ ሰፈሩን አያሳይም።

ትናንት የተቆፈረውን ጉድጓድ ግን ሁለቱም አያውቁትም። ያንን የሚያገኘው ነጭ በትሯ ነው።

እኔ ለአዲስ ሰፈር ካርታውን አስቀድማለሁ። ስልኩ ለረጅም መንገድ ይሁን፤ እሱም በአንድ ጆሮ ብቻ። ሌላው ጆሮ የባጃጁን ድምፅ ይስማ።