አራት ድሮን በአንድ እጅ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መስከረም ላይ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አራት የልምምድ ድሮኖች ገዛሁ። እያንዳንዳቸው 80 ግራም ይመዝናሉ። ሐሳቤ መቆጣጠሪያ ሳልይዝ፣ በእጅ ምልክት ብቻ አራቱንም አንድ ላይ ማብረር ነበር። አሁን ሚያዝያ እያለቀ ነው፤ ይሠራል፣ እንዳሰብኩት ግን አይደለም።

የላፕቶፑ ካሜራ እጄን ያያል። ሚዲያፓይፕ የተባለው የጎግል ነጻ ሶፍትዌር በእጅ ላይ 21 ነጥቦችን ይለያል፤ እኔ የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም ደግሞ ነጥቦቹን አንብቦ በዋይፋይ ትእዛዝ ይልካል። የተዘረጋ መዳፍ ተነሺ፣ ጭብጥ ውረጂ ማለት ነው። የጣት ቁጥር የምትታዘዘዋን ይመርጣል።

ያስቸገረኝ ይኸው መምረጡ ነው። አንዲቷን ብቻ ማብረር ተማሪዎቼ በአንድ ከሰዓት ለመዱት። አራት ሲሆኑ ግን ሁለተኛዋን ስጠራ ሦስተኛዋ ትነሣለች። ቁጥሩን ከሌባ ጣት ጀምሬ ነበር የጻፍኩት፤ አንዲት ተማሪ ከትንሿ ጣት ጀምራ ስትቆጥር ሥራው ሁሉ ተበላሸ። ልክ እሷ ነበረች፤ ፕሮግራሙን ነው ያስተካከልኩት።

እጅ ደግሞ ዝም አይልም። በታኅሣሥ ውርጭ ጋቢዬን ልደርብ እጄን ባነሣ አራቱም አብረው ተነሡ። ሌላ ቀን ርእሰ መምህሩ ሲገቡ ሰላም ልላቸው መዳፌን ብዘረጋ አንዷ ሽቅብ ወጥታ ከአምፖሉ ጋር ተላተመች። ከዚያ ወዲህ ግራ እጄ አንድ ቁልፍ ካልተጫነ የቀኙ ምልክት አይቆጠርም። በእጅ ብቻ የሚለው ሕልሜ እዚያ ላይ አበቃ፤ አምፖል መግዛቴ ግን ቀረ።

አምራቹ 13 ደቂቃ ትበራለች ይላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፎቹ ይበልጥ መሽከርከር አለባቸው፣ ብርዱም ባትሪውን ያደክመዋል። እኔ ከስምንት ደቂቃ በላይ አላገኘሁም። ከሆዷ ሥር ያለው ካሜራ ወለሉን እያየ ነው ቦታዋን የሚጠብቅላት፤ በልሙጡ ሲሚንቶ ላይ ትንሳፈፍብኝ ነበር። ከቤት ባለ መስመር ብርድ ልብሶች አምጥቼ ባነጥፍ ጸጥ ብላ ቆመች። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል፤ ለ15 ሰከንድ ትእዛዝ ካልደረሳቸው ግን በራሳቸው ያርፋሉ። ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

ለዚህ ሥራ ያነሣሣኝ ስለ ጦር ድሮኖች ያነበብኩት ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም የሆነው ዳርፓ በ2017 እ.ኤ.አ. በጀመረው ኦፍሴት በተባለው መርሐ ግብር፣ እስከ 250 የሚደርሱ ትናንሽ ድሮኖችንና የምድር ሮቦቶችን አንድ ቡድን የሚያዝበትን መንገድ ሲያስስ የእጅ ምልክትም ከአማራጮቹ አንዱ ነበር። ወታደር ድምፅ ሳያሰማ በእጅ መግባባትን ከጥንት ስለሚያውቅ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ጋቢ ማስተካከል እንኳ አራት ድሮን ካስነሣ፣ በድንጋጤ የሚወራጭ እጅ 250 ቢያዝ ምን ይሆናል?

ውጭ አውጥተን አናበርርም። በእኛ ዞን ያ ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ሰው ቀና የሚለው በጉጉት አይደለም።

መግዛት ለሚፈልግ፦ ሁለት ይበቃል። መለዋወጫ ክንፍ እዚህ ስለማይገኝ አብራችሁ እዘዙ። የእኛ አራተኛዋ ከጥር ጀምሮ አትበርም፤ ክንፎቿን እየነቀልን ለሦስቱ እንገጥማለን።